ሽቦም ርዝመት አለው

በጥቁር ሰሌዳ ላይ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት የሚሥል መምህር ከባትሪው ተነሥቶ እስከ አምፖሉ ድረስ አንድ ቀጭን መስመር ይስባል። መስመሩ ሽቦውን ይወክላል። ቢያጥር ወይም ቢረዝም፣ ቀጥ ቢል ወይም ቢታጠፍ በስሌቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም። ሁለቱ ጫፎቹ በማናቸውም ቅጽበት እኩል ቮልቴጅ እንዳላቸው፣ በአንደኛው ጫፍ የገባው ከረንትም በዚያው ቅጽበት በሌላኛው እንደሚወጣ ይታሰባል። እኔም በተማሪነቴ የተማርሁት ይህንኑ ነው፤ መምህር ከሆንሁ በኋላም ለዓመታት ያስተማርሁት ይህንኑ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ መስመር የት ላይ እውነት መሆኑን እንደሚያቆም ማስረዳት፣ ከዚያም አልፎ ይህንን ወሰን ለተማሪዎቻችን በጊዜው አለመንገራችን ቀላል የማይባል ጥፋት መሆኑን መሟገት ነው።

እኔ ወሰኑን ያወቅሁት በኀፍረት ነው። ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ውጭ አገር በሄድሁበት የመጀመሪያ ዓመት በ1 ጊጋሄርትዝ ድግግሞሽ የሚሠራ አነስተኛ ማጉያ እንድሠራ ታዘዝሁ። ስሌቱን ደጋግሜ አረጋገጥሁ፤ ትራንዚስተሩንና ሌሎቹን ክፍሎች በጥንቃቄ በየድሁ። መሣሪያው ግን የገባለትን ሲግናል ከማጉላት ይልቅ አዳከመው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ትራንዚስተር እየለዋወጥሁ ደከምሁ። በመጨረሻ የቤተ ሙከራው ቴክኒሺያን፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀሯቸው አዛውንት፣ ሥራዬን አተኩረው ተመለከቱና ምንም ሳይናገሩ ከኪሳቸው ማስመሪያ አወጡ። የለኩት ትራንዚስተሩን ግራውንድ ከሚባለው የጋራ ነጥብ ጋር ያገናኘሁበትን ቀጭን ሽቦ ነበር። 3 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። «ይህንን በሥዕልህ ላይ የት አስቀመጥኸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የትም አላስቀመጥሁትም፤ በእኔ ሥዕል ላይ ሽቦ መስመር ብቻ ነበርና።

ያ 3 ሴንቲ ሜትር ሽቦ ከረንት ሲያልፍበት በዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ በሌላ አነጋገር ትንሽ ኢንዳክተር ነው። በ50 ሄርትዝ ይህ ባሕርዩ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በ1 ጊጋሄርትዝ ግን በወረቀቴ ላይ ዜሮ ኦም ብዬ ያለፍሁት ሽቦ ከ150 ኦም በላይ የሆነ ዕንቅፋት ሆኖ ቆሞ ነበር። ሽቦውን ቆርጬ ባሳጠርሁት ጊዜ ማጉያው ሠራ። በዚያን ዕለት የተማርሁትን በየትኛውም ፈተና አልተጠየቅሁም ነበር።

ለመሆኑ ሽቦ ከተራ መስመርነት ወጥቶ ራሱን የቻለ የሰርኪዩት ክፍል የሚሆነው መቼ ነው? መልሱ የሚገኘው የሽቦውን ርዝመት ከሞገድ ርዝመት ጋር በማነጻጸር ነው። የኤሌክትሪክ ሲግናል ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሚደርሰው ጊዜ ወስዶ ነው፤ ፍጥነቱም በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ከሆነው ከብርሃን ፍጥነት አይበልጥም። የቤታችን መብራት በ50 ሄርትዝ ስለሚሠራ የሞገዱ ርዝመት 6,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በአንድ ቤት ውስጥ የተዘረጋ 20 ሜትር ሽቦ የዚህ ርዝመት 300,000ኛ እጅ ብቻ ነው። ስለሆነም በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለውን የጊዜ ልዩነት መዘንጋት ምንም ጉዳት የለውም። ድግግሞሹ ወደ 1 ጊጋሄርትዝ ከፍ ሲል ግን የሞገዱ ርዝመት 30 ሴንቲ ሜትር፣ በ10 ጊጋሄርትዝ ደግሞ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ማይክሮዌቭ እያልን የምንጠራው ከ300 ሜጋሄርትዝ እስከ 300 ጊጋሄርትዝ ያለው ክልል የሞገድ ርዝመቱ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ የእጃችን፣ የጣታችን፣ የጥፍራችን መጠን ነው። በዚህ ክልል በአንድ አጭር ሽቦ ላይ አንደኛው ጫፍ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲያሳይ ሌላኛው በዚያው ቅጽበት ዜሮ ሊሆን ይችላል።

መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት ቀላል መመሪያ አለ፤ ሽቦው ከሞገዱ ርዝመት አንድ ዐሥረኛ በላይ ከሆነ እንደ መስመር ሳይሆን እንደ ሞገድ መተላለፊያ ይታሰብ የሚል ነው። ከዚህ ወሰን ወዲያ ተማሪ ሁሉ በቃሉ የሚያውቃቸው የኪርኾፍ ሕጎች በተለመደው አኳኋን አይሠሩም። ሕጎቹ ሐሰት ስለሆኑ አይደለም፤ የማክስዌል እኩልታዎች ቀርፋፋ ለሆነ ሲግናልና ለአጭር ርቀት የሚሰጡት ግምታዊ መልክ ስለሆኑ ነው።

ጉዳዩ የማይክሮዌቭ ብቻ እንዳይመስለን። በአገራችን የስልክ ታሪክ መነሻ የሆነውና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው የሐረር–አዲስ አበባ የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። በሰው ድምፅ ውስጥ የሚገኘው የ1,000 ሄርትዝ ሲግናል በአየር ላይ በተዘረጋ ሽቦ የሚኖረው የሞገድ ርዝመት ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እንግዲህ ያ መስመር ከአንድ ተኩል የሞገድ ርዝመት በላይ ነበር ማለት ነው። ተናጋሪው ቃሉን ጨርሶ ሳይዘጋው የቃሉ መነሻ ገና በመንገድ ላይ ነበር ባይባልም፣ በአንድ ቅጽበት ግን በሽቦው ላይ የድምፁ ከፍታና ዝቅታ ተከታትሎ ተዘርግቶ ይገኝ ነበር።

ይህ እውቀት በዋዛ የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1858 ዓ.ም. አየርላንድንና ኒውፋውንድላንድን በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር የሚያገናኘው የመጀመሪያው የቴሌግራፍ ኬብል ተዘረጋ። ንግሥት ቪክቶሪያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቡካናን የላኩት 98 ቃላት ያሉት መልእክት ተላልፎ እስኪያበቃ 16 ሰዓት ያህል ፈጀ። በአንደኛው ጫፍ የተላከው አጭር የኤሌክትሪክ ምት በሌላኛው ጫፍ ተለጥጦና ደብዝዞ ይደርስ ነበርና። ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ዊልያም ቶምሰን ይህ እንደሚሆን አስቀድሞ በሒሳብ አሳይቶ ነበር፤ መዘግየቱም ከኬብሉ ርዝመት ካሬ ጋር እንደሚያድግ አስረድቷል። የኩባንያው ዋና የኤሌክትሪክ ባለሙያ የነበረው በሙያው ሐኪም የሆነው ዋይልድማን ኋይትሃውስ ግን ይህን ትንታኔ አልተቀበለም። ለእርሱ መድኃኒቱ ኃይል መጨመር ነበር፤ በመሆኑም እስከ 2,000 ቮልት የሚደርስ ቮልቴጅ ለቀቀበት። ኬብሉ ቀድሞውንም የአሠራር ጉድለት ነበረበት፤ ይህ ተጨምሮበት በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ጨርሶ ዝም አለ። ሽቦን እንደ ተራ ቧንቧ ቆጥሮ በግፊት ለማሻገር የተደረገው ሙከራ ፍጻሜው ይህ ሆነ።

መፍትሔውን አሟልቶ የሰጠው ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ሰው ነው። ኦሊቨር ሄቪሳይድ በ16 ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ቴሌግራፍ ሠራተኛ የሆነና የማክስዌልን ሥራ ለብቻው ያጠና እንግሊዛዊ ነበር። ቶምሰን በኬብሉ ውስጥ ያየው ሬዚስታንስንና ካፓሲታንስን ሲሆን፣ ሄቪሳይድ ኢንዳክታንስን ጨመረበት። በዚህም እያንዳንዷ የሽቦ ሚሊ ሜትር ጥቂት ኢንዳክተርና ጥቂት ካፓሲተር በውስጧ የያዘች መሆንዋን፣ ሲግናሉም በእነዚህ መካከል እየተቀባበለ የሚጓዝ ሞገድ መሆኑን አሳየ። ኢምፒዳንስ የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1886 ዓ.ም. የፈጠረው እርሱ ነው። በ1887 ዓ.ም. ደግሞ በመስመሩ ላይ ኢንዳክታንስ ሆን ተብሎ ቢጨመር ድምፅ ሳይዛባ ሩቅ ሊደርስ እንደሚችል በሒሳብ አረጋገጠ። በእንግሊዝ ፖስታ ቤት ትልቅ ሥልጣን የነበረው መሐንዲስ ዊልያም ፕሪስ ሐሳቡን አጥብቆ ተቃወመ። ሐሳቡ በተግባር የዋለው በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካ፣ በጆርጅ ካምቤልና በማይክል ፑፒን ሥራ ነው።

ከሄቪሳይድ ትንታኔ የሚወጣው ዋና ቁም ነገር የሚከተለው ነው። ወደ ኬብል የገባ ሲግናል በወዲያኛው ጫፍ ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም። ስለዚህ ገና በጉዞ ላይ ሳለ በቮልቴጁና በከረንቱ መካከል የሚኖረውን ጥምርታ የሚወስነው የኬብሉ የራሱ አሠራር ነው። ይህ ጥምርታ የኬብሉ ባሕርያዊ ኢምፒዳንስ ይባላል። በቤተ ሙከራ የምናውቀውን የተለመደ ኮአክሲያል ኬብል ብንወስድ በሜትር 250 ናኖሄንሪ ኢንዳክታንስና 100 ፒኮፋራድ ካፓሲታንስ ያህል አለው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍለን ስኩዌር ሩቱን ስናወጣ 50 ኦም እናገኛለን። ሁለቱን አባዝተን ስኩዌር ሩቱን ስናወጣና 1ን ለዚያ ስናካፍል ደግሞ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር የሆነ ፍጥነት እናገኛለን፤ ይህም የብርሃን ፍጥነት ሁለት ሦስተኛ ነው። ይህ 50 ኦም በኦም መለኪያ ቢፈለግ አይገኝም። በኬብሉ ላይ ተጽፎ እያየ በመለኪያው የሚያጣው ተማሪ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም፤ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ሞገዱ እንጂ ስለ መዳቡ አይደለምና።

ሞገዱ የኬብሉ ጫፍ ሲደርስ እዚያ ያለው መሣሪያ ከኬብሉ ጋር እኩል ኢምፒዳንስ ካለው ሙሉ በሙሉ ይቀበለዋል። እኩል ካልሆነ ግን ከፊሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ወፍራም ገመድ ከቀጭን ገመድ ጋር አስረን አንዱን ጫፍ ብናርገበግብ ሞገዱ ቋጠሮው ላይ ሲደርስ ከፊሉ እንደሚመለስ ሁሉ ማለት ነው። 50 ኦም ኬብል ከ75 ኦም ኬብል ጋር ብናገናኝ ከኃይሉ 4 በመቶው ይመለሳል። ጫፉን ክፍት ብንተወው ወይም ሁለቱን ሽቦዎች ብናነካካቸው ደግሞ ሁሉም ይመለሳል።

አሁን ወደ ከተማችን ጣሪያዎች ቀና እንበል። የሳተላይት ዲሽ እያንዳንዱ ቤት ደጃፍ ላይ የደረሰ የማይክሮዌቭ መሣሪያ ነው። ብዙዎቹ ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋሄርትዝ ያለውን ሲግናል ይቀበላሉ። ይህ ግን እንዳለ በኬብል አይላክም። ድግግሞሹ ከፍ ባለ ቁጥር ከረንቱ በመዳቡ ገጽ ላይ ብቻ ስለሚፈስ በኬብል ውስጥ የሚባክነው ኃይል ይጨምራል፤ በ1 ጊጋሄርትዝ ከረንቱ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው 2 ማይክሮ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በዲሹ አፍ ላይ የተገጠመችው ኤል ኤን ቢ ሲግናሉን ከ950 እስከ 2,150 ሜጋሄርትዝ ወዳለው ክልል ዝቅ አድርጋ ወደ ቤት ትልከዋለች።

በአንድ ቤት ኬብሉ መሐል ላይ ተቆርጦ ወደ ሌላ ክፍል የሚሄድ ቅርንጫፍ ተቀጥሎበታል እንበል። ቅጥሉ በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ከጊዜ በኋላ በዚያኛው ክፍል የነበረው ቴሌቪዥን ተነሥቶ 1 ሜትር ያህል ቅርንጫፍ ጫፉ ክፍት ሆኖ ቀርቷል። ቤተሰቡም አንዳንድ ጣቢያዎች ጥርት ብለው ሲታዩ ሌሎቹ ጨርሰው መጥፋታቸውን ያያል። «ዲሹን ነፋስ አንቀሳቅሶት ነው» ይባላል፤ ሰውም ወደ ጣሪያ ይወጣል። የጥፋቱ ምክንያት ግን ያ የተረሳ ቅርንጫፍ ሊሆን ይችላል። ርዝመቱ የሞገዱ ሩብ በሆነበት ድግግሞሽ ከክፍቱ ጫፍ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ሞገድ ተገልብጦ ይደርሳል፤ በመገናኛው ነጥብ ላይ ዋናው መስመር ሁለቱ ሽቦዎቹ የተነካኩ ያህል ይሆናል። 1 ሜትር በሆነ ቅርንጫፍ ይህ በየ100 ሜጋሄርትዙ ይደገማል። በእነዚህ ድግግሞሾች አቅራቢያ ያሉ ጣቢያዎች ይዳከማሉ ወይም ይጠፋሉ፤ በመካከል ያሉት ይተርፋሉ።

ይህንን ጥያቄ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቼ አቅርቤላቸው ነበር። የሞገድ እኩልታን ከማክስዌል እኩልታዎች አውጥተው በፈተና ወረቀት ላይ የሚጽፉ ብርቱ ተማሪዎች ናቸው። ከመካከላቸው ስለ ነፋስ፣ ስለ ደመና፣ ስለ መዳቡ ዝገት የተናገሩ ነበሩ፤ ስለ ቅርንጫፉ ርዝመት የጠየቀ ግን አልነበረም። አልፈረድሁባቸውም። ሽቦ ርዝመት የሌለው መስመር መሆኑን በአንድ ክፍል፣ ሞገድ በባዶ ጠፈር የሚጓዝ ነገር መሆኑን በሌላ ክፍል ያስተማርናቸው እኛ ነን። ሁለቱ በአንድ ኬብል ውስጥ እንደሚገናኙ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

የሚያስቆጨው ደግሞ በጣሪያው ላይ ጥፋት የሆነው ነገር በመሐንዲስ እጅ ጥበብ መሆኑ ነው። የማይክሮዌቭ ሰርኪዩት ሥራ መሠረቱ ይኸው ነው። በማይክሮዌቭ ሰርኪዩት ሰሌዳ ላይ በሰፊው የመዳብ ንጣፍ ትይዩ የተዘረጉ ጠባብ የመዳብ ጥብጣቦች እናያለን። ጥብጣቡ ሲሰፋ ኢምፒዳንሱ ዝቅ፣ ሲጠብ ከፍ ይላል። የሞገዱ ሩብ ርዝመት ያለው ቅርንጫፍ የማይፈለገውን ድግግሞሽ ያስቀራል፤ ማጣሪያ ይሆናል ማለት ነው። በሁለት የተለያዩ ኢምፒዳንሶች መካከል የሚገባ ሩብ የሞገድ ርዝመት ያለው ጥብጣብ፣ ስፋቱ በትክክል ከተመረጠ፣ ሁለቱን አስማምቶ ነጸብራቁን ያጠፋል። ይባስ ብሎ ሩብ የሞገድ ርዝመት ያለው ጥብጣብ ጫፉ ከግራውንድ ጋር ቢነካካ በወዲህኛው ጫፍ ክፍት መስሎ ይታያል። የኦም ሕግን ብቻ ለሚያውቅ ሰው ይህ ተአምር ነው። ሞገድን ለሚያውቅ ግን ተራ ነገር ነው። እዚህ ላይ ቅርጹ ራሱ የሰርኪዩቱ ክፍል ሆኗል፤ ማስመሪያና መቁጠሪያ የሬዚስተርን ያህል ዋጋ አላቸው።

«አሁን ዘመኑ የፋይበር ኦፕቲክ ነው፤ የመዳብ ሽቦ ታሪክ ሆኗል» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ፋይበር ረጅሙን መንገድ መያዙ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ስልካችን ከማማው ጋር የሚነጋገረው በማይክሮዌቭ ነው፤ ፋይበር ያልደረሰባቸው ብዙ ማማዎችም በተራራ ላይ ቆመው እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በዚያው ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጀመረው 5ጂ ጉዳዩን ይበልጥ አቀረበው እንጂ አላራቀውም። ከዚህም በላይ በሰከንድ ቢሊዮን ቢቶች የሚያስተላልፍ የኮምፒዩተር ሰሌዳ፣ ሠሪው ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የማይክሮዌቭ ሰርኪዩት ነው። በፋይበሩ በሁለቱም ጫፎች ብርሃኑን የሚያበራውና የሚያነበው ኤሌክትሮኒክስም እንደዚሁ።

ሁለተኛው መከራከሪያ «መሣሪያ የለንም» የሚል ነው። የማይክሮዌቭ መለኪያዎች ውድ መሆናቸውን አልክድም፤ ቢሆንም መሠረታዊውን ቁም ነገር ለማየት እነርሱ አያስፈልጉም። ከገበያ አንድ 100 ሜትር የቴሌቪዥን ኬብል ጥቅል እንግዛ። በአንደኛው ጫፍ፣ በ75 ኦም ሬዚስተር በኩል፣ ከማይክሮሰከንድ እጅግ ያጠረ የቮልቴጅ ምት እንላክ፤ እዚያው ጫፍ ላይ ኦሲሎስኮፕ እናገናኝ። ኦሲሎስኮፑ ያረጀ የ20 ሜጋሄርትዝ ቢሆንም ይበቃል። ምቱ ከሄደ በኋላ፣ እንደ ኬብሉ ውስጣዊ ፕላስቲክ ዓይነት፣ ከ0.8 እስከ 1 ማይክሮሰከንድ ቆይቶ ተመልሶ ይታያል። የወዲያኛው ጫፍ ክፍት ከሆነ እንደሄደ ይመለሳል፤ ከተነካካ ተገልብጦ ይመለሳል። በጫፉ ላይ 75 ኦም ሬዚስተር ስናደርግ ግን አይመለስም። ተማሪው በዚህች አንድ ሙከራ የሲግናልን ፍጥነት ይለካል፣ ነጸብራቅን ያያል፣ የኢምፒዳንስ መጣጣም ምን እንደሆነ በዓይኑ ያረጋግጣል። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ደግሞ ሁለት ገመድና አንድ ቋጠሮ ይበቃል።

ስለዚህ ሐሳቤ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የኪርኾፍ ሕጎች በሚሰጡበት በዚያው ሳምንት ወሰናቸውም ይነገር፤ «ሽቦው ከሞገዱ ርዝመት አንድ ዐሥረኛ በታች ሲሆን» የምትለው አንዲት ሐረግ ትጨመር። ሁለተኛ፣ የሰርኪዩትና የኤሌክትሮማግኔቲዝም መምህራን ቢያንስ አንድ ሙከራ በጋራ ይስጡ፤ ያም የኬብሉ ሙከራ ይሁን። ሦስተኛ፣ ተማሪዎቻችን በየሠፈራቸው ዲሽ ከሚገጥሙ ወጣቶች ጋር ይነጋገሩ። እነዚያ ወጣቶች የትኛው ቅጥል ሥዕል እንደሚያበላሽ በልምድ ያውቃሉ፤ ለምን እንደሚያበላሽ ማስረዳት የእኛ ፋንታ ነበር።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላሉ አበው። ከውጭ የመጣን መሣሪያ መመሪያውን እያነበቡ መግጠም ይቻላል፤ ሲበላሽ ግን መመሪያው የማይነግረን ብዙ ነው። ያን ጊዜ የሚያስፈልገን ሽቦውን አይቶ ርዝመቱን የሚጠይቅ ሰው ነው። እኔ ያንን ጥያቄ ከአንድ አዛውንት ቴክኒሺያን የሰማሁት አገር ተሻግሬ፣ ሁለት ሳምንት በከንቱ ከደከምሁ በኋላ ነበር። ውድ ተማሪዎች፣ እናንተ ግን ከዛሬ ጀምሮ በሰሌዳ ላይ የተሣለ ቀጭን መስመር ባያችሁ ቁጥር እጃችሁን አውጥታችሁ «መምህር፣ ርዝመቱ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መምህራችሁ ለጊዜው ቢቸገር እንኳ ጥያቄያችሁ ትክክል ነው።